የሥራ ቆይታ ጨመረ ማለት ሥራው አስተማማኝ ሆነ ማለት ነው?

«የሠራተኞች የሥራ ቆይታ ጨመረ» የሚል ዜና ስንሰማ ብዙዎቻችን ደስ ይለናል። «ሰው ሥራው ላይ ረጋ» ብለን እናስባለን። ግን ነገሩ እንደዚያ ላይሆን ይችላል።

የሥራ ቆይታ የሚባለው አንድ ሠራተኛ አሁን ባለበት መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ የሠራበት ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚቆይ አይናገርም። የሚጠቀሰው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሚዲያን ነው። ሠራተኞቹን ከአዲሱ እስከ ነባሩ ብንደረድራቸው፣ መሃል ላይ የሚውለው ሰው ቆይታ ማለት ነው።

አምስት ሰው ያለበት አንድ ክፍል እናስብ። ቆይታቸው 1፣ 2፣ 3፣ 10 እና 12 ዓመት ነው። መሃሉ 3 ነው። ገበያው ቀዘቀዘና ሁለቱ አዲሶች ተቀነሱ። የቀሩት 3፣ 10 እና 12 ናቸው። መሃሉ በአንድ ቀን ከ3 ወደ 10 ዘለለ! ሁለት ሰው ግን ከሥራ ወጥቷል። የቀሩትም «ቀጣዩ እኔ እሆን?» እያሉ ነው የሚያድሩት።

ቅጥር ሲጧጧፍ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። አዲስ ገቢ ይበዛል፤ የተሻለ ደመወዝ ያገኘም ይቀይራል። ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሠራተኛው ግን አልተጎዳም። ዕድሜም አለበት፤ ወጣት የበዛበት ቦታ ቆይታው አጭር ነው።

እኔ ይህን ቁጥር ብቻውን አላምነውም። መጀመሪያ የምጠይቀው የወጡት ሰዎች ፈልገው ለቀቁ ወይስ ተቀነሱ የሚለውን ነው። በፈቃዱ የሚለቅ ሲበዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሌላ ሥራ እንደማያጣ ተማምኗል ማለት ነው።