የተደበላለቀ ድምፅን እዚያው በዚያው መለየት

አዳማ መናኸሪያ ቆማችሁ ስልክ ደውሉ እስቲ። ረዳቱ «አሰላ! አሰላ!» ይላል። ባጃጁ ክላክስ ያደርጋል። አጠገባችሁ የቆመ ሰው ግን የእናንተን ድምፅ ለይቶ ይሰማል። ሰው ይህን እንዴት እንደሚችል ኮሊን ቼሪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 አጥንቶታል። ለማሽን ግን ፈተና ነው።

ሁለት ማይክሮፎን እናስቀምጥ። አንዱ ለረዳቱ፣ ሌላው ለባጃጁ ቀረብ ይበል። ሁለቱም የሚቀዱት ድብልቅ ነው፤ የድብልቁ መጠን ግን ይለያያል። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ረዳቱና ባጃጁ ተነጋግረው አይጮኹም። ስለዚህ ስሌቱ የሚወጡት ሁለት ድምፆች አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ዝምድና እስከማይኖራቸው ድረስ ቅጂዎቹ የሚባዙባቸውን ቁጥሮች ያስተካክላል። ስልቱ አይሲኤ (ICA፣ ዝምድና የሌላቸውን ምንጮች መለያ) ይባላል፤ ፒየር ኮሞን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 በጠራ ሒሳብ አስቀምጦታል። የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ ግን አይናገርም። የአዳማን ነፋስም በዚህ መንገድ መለየት ያስቸግራል፤ እያንዳንዱን ማይክ ለየብቻ እየመታ የየራሱን ጫጫታ ይፈጥራልና።

ጣጣው ጊዜ ነው። ድምፅ በሰከንድ 16,000 ጊዜ ከተለካ፣ ቀጣዩ ልኬት ከ62.5 ማይክሮሰከንድ በኋላ ይደርሳል። ግድግዳ ነክቶ 3.4 ሜትር ዞሮ የመጣ ድምፅ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ይህ 160 ልኬት ነው። ሁለት ማይክና ሁለት ተናጋሪ ካሉ አራት መንገድ ይኖራል። ማሚቶውን ለማስላት በየመንገዱ 160ዎቹ ልኬቶች እያንዳንዳቸው በቁጥር ይባዛሉ። ለእያንዳንዱ አዲስ ልኬት 640 ማባዛት ማለት ነው፤ ያውም ቁጥሮቹን ማስተካከያው ሳይቆጠር።

ኤፍፒጂኤ (FPGA) የሚባለው ቺፕ የሚፈለገው ለዚህ ነው። የውስጥ ሰርኪዩቱ ከፋብሪካ ከወጣም በኋላ እንደገና ይደራጃል። ዚሊንክስ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ተራ ፕሮሰሰር ትእዛዞችን በአመዛኙ በተራ ይፈጽማል። እዚህ ግን ብዙ አባዦች ጎን ለጎን ተዘርግተው እኩል ይሠራሉ። በ100 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ቺፕ በሁለት ልኬቶች መካከል 6,250 የሥራ ምት (እርምጃ) አለው። ሥራውን ላከፋፈለ ሰው በቂ ነው።

እኔ ከባድ የምለው የቁጥሩን ስፋት፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ አንድ ቁጥር ስንት ቢት እንደሚይዝ፣ መምረጥ ነው። በጣም ከጠበበ ደካማው ድምፅ ይጠፋል፤ ከሰፋ ቺፑ ይሞላል። አዳማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የምትማሩ ልጆች፣ መናኸሪያው ውስጥ በሁለት ማይክ ቀድታችሁ መጀመሪያ በኮምፒውተር ሞክሩት። ቺፑ ከዚያ ይደርሳል።

ይኸው ሒሳብ ለፅንስ ልብም ይሠራል። በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ የሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች የሚይዙት የእናትና የልጅ ልብ ምት ተደባልቆ ነው። የእናትየው በጣም ያይላል። ከሥሩ ያለችው ፈጣን፣ ደቃቅ ምት ተለይታ የምትወጣው በዚህ መንገድ ነው።