የጋምቢያ የብይ ምርጫ ምንድን ነው?

ለእኛ ምርጫ ማለት ወረቀትና ኮሮጆ ነው። ጋምቢያ ውስጥ ግን ድምፅ የሚሰጠው በብይ ነው፤ ልጆች አቧራ ላይ በሚጫወቱባት በዚያችው ብይ። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ብዙ ስለነበር በ1960ዎቹ የተጀመረ አሠራር ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መራጩ አንዲት ብይ ተቀብሎ ብቻውን ወደተከለለው ቦታ ይገባል። የእጩዎቹ ፎቶ የተለጠፈባቸው፣ ቀለማቸው የተለያየ በርሜሎች ተደርድረው ይጠብቁታል። በመረጠው በርሜል ቱቦ ብይዋን ሲለቃት ውስጥ ያለችውን ደወል መትታ ትወርዳለች። ውጭ ያሉት አስፈጻሚዎች ጆሯቸውን የሚሰጡት ለዚያች ድምፅ ነው፤ ሁለቴ ከተሰማ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መርጧል ማለት ነው። ብይዋ መሬት ስትነካ እንዳትጮህም በርሜሉ ውስጥ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ይነጠፋል። የብስክሌት ደወል ስለሚያምታታ በዕለቱ ጣቢያው አጠገብ ብስክሌት አይነዳም። በእኔ እምነት ይህን ያህል የታሰበበት የድምፅ አሰጣጥ ጥቂት ነው።

ታዲያ የ2016ቱ ምርጫ ለምን አወዛገበ? ያህያ ጃሜ በ1994 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዞ 22 ዓመት ገዝቷል። ታኅሣሥ 1 ቀን ብዮቹ እዚያው በየጣቢያው፣ በታዛቢዎች ፊት ተቆጠሩ። የተቃዋሚዎች እጩ አዳማ ባሮው አሸነፈ፤ ጃሜም በማግስቱ በቴሌቪዥን እየታየ ስልክ ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለው። ከዚያ ምርጫ ኮሚሽኑ የአንድ አካባቢን ውጤት ሲደምር መሳሳቱን ራሱ ተናግሮ አረመ። ልዩነቱ ከ9 በመቶ ገደማ ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ባሮው 227,708፣ ጃሜ 208,487። አሸናፊው ግን አልተለወጠም። ስህተቱ የወረቀት ድምር እንጂ የብይ አልነበረም፤ በግልጽ የታረመ ስህተት ደግሞ ለኮሚሽኑ ታማኝነት ምስክር ነው። ጃሜ ግን ታኅሣሥ 9 ቃሉን አጥፎ ውጤቱን አልቀበልም አለ።

የኮሚሽኑ ሰብሳቢ አሊዩ ሞማር ንጃይ ለሕይወታቸው ሰግተው አገር ጥለው ወጡ። ባሮው ጥር 19 ቀን 2017 ቃለ መሐላ የፈጸመው በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር በሚገኘው የአገሩ ኤምባሲ ውስጥ ነው። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ የኢኮዋስ ጦር ድንበር ተሻገረ፤ ጃሜም ከሁለት ቀን በኋላ ወጥቶ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ሄደ። በታኅሣሥ 2021 ጋምቢያውያን ፕሬዚዳንት ሊመርጡ ሲሰለፉ በእያንዳንዱ መራጭ እጅ የገባችው ያችው ብይ ነበረች።