በአሜሪካ ከቱሪስት ቪዛ ወደ ኢንቨስተር ስታተስ መቀየር

በቱሪስት ቪዛ አሜሪካ የገባ ሰው ከአገር ሳይወጣ በኢንቨስተርነት ለመቆየት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ኢ-2 በሚባለው ዘርፍ ነው። ይህ ዘርፍ ክፍት የሆነው ከአሜሪካ ጋር የንግድ ስምምነት ላላቸው አገሮች ዜጎች ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1951 በተፈረመውና በ1953 በጸናው ስምምነት ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት፤ ብዙ ሰው ግን ይህን አያውቅም። የሚታየው የያዙት ፓስፖርት እንጂ የትውልድ አገር ስላልሆነ ቢጫ ካርድ እዚህ አይጠቅምም። የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ቤተ እስራኤላዊ የሚያመለክተው እስራኤል ከ2019 ጀምሮ ባላት መብት ነው። ያለ ቪዛ በኢስታ (በኢንተርኔት በሚገኝ የጉዞ ፈቃድ) የገባ ከሆነ ግን እዚያው ሆኖ ስታተስ፣ ማለትም የመቆያ ፈቃዱን ዓይነት፣ መቀየር አይችልም።

ጥያቄው በአይ-129 ቅጽ ለኢሚግሬሽን ይቀርባል፤ የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይ-539 ይሞላሉ። ማመልከቻው መግባት ያለበት አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ ያለው የመቆያ ቀን ከማለፉ በፊት ነው። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ ገና ጊዜ አለው ብሎ መዘናጋት የተለመደ ስህተት ነው፤ የመቆያ ጊዜን የሚወስነው አይ-94 ሲሆን ለቱሪስት ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው።

አብዛኛው ኬዝ የሚወድቀው ገንዘቡ ላይ ነው። ሕጉ ዝቅተኛ መጠን አላስቀመጠም፤ የሚመዘነው ድርጅቱን ለመግዛት ወይም ለማቋቋም ከሚያስፈልገው ጠቅላላ ወጪ አንጻር ነው። ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ብቻውን ኢንቨስትመንት አይባልም። ለሱቅ ኪራይ፣ ለዕቃና ለማሽን ወጥቶ ለኪሳራ የተጋለጠ መሆን አለበት። የሚሠራ ሬስቶራንት የሚገዛ ሰው ኢ-2 ሲፈቀድ ብቻ ለሻጩ እንዲለቀቅ ገንዘቡን በሦስተኛ ወገን እጅ ማስቀመጥ ይችላል። ድርጅቱ ከባለቤቱና ከቤተሰቡ ጉሮሮ የሚያልፍ ገቢ እንደሚያመጣም የአምስት ዓመት ዕቅድ ማሳየት አለበት።

ምንጩም ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰነድ ይጠየቃል። አዲስ አበባ ቤት የሸጠ ሰው የሽያጭ ውሉንና የግብር ደረሰኙን ሊያቀርብ ይችላል፤ ብሩ በጥቁር ገበያ ዶላር ሆኖ ከመጣ ግን ሰንሰለቱ መሃል ላይ ይበጠሳል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሰጠው ስጦታ ይሻላል፦ የስጦታ ደብዳቤ፣ የሰጪው የታክስ ሪተርንና የባንክ ስቴትመንት ይያያዛሉ። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ቢያንስ 50 በመቶው ድርሻ በስምምነቱ አገር ዜጎች መያዝ ሲኖርበት፣ ግሪን ካርድ ያለው ወንድም ኢትዮጵያዊ ቢሆንም ድርሻው አይቆጠርም። ኤልኤልሲው (ለንግዱ የተቋቋመው ኩባንያ) 51 በመቶ በወንድምየው ስም ከወጣ ኬዙ ገና ከመነሻው አበቃለት።

መልስ እስኪመጣ ሱቅ መፈለግ፣ መደራደርና ውል መፈረም ይቻላል፤ ካሸር ላይ ቆሞ መሸጥ ግን ሥራ ነው። ከገቡ በ90 ቀናት ውስጥ ያለ ፈቃድ መሥራት፣ በቆንስላዎች መመሪያ፣ ሲገቡ ዋሽተዋል የሚል ግምት ያስነሳል። ዋሽቷል የተባለ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልክ ሊከለከል ይችላል። ውሳኔው ሳይሰጥ ከአገር መውጣትም ማመልከቻውን እንደ መተው ይቆጠራል።

ከተፈቀደ የሚገኘው እየታደሰ የሚሄድ የሁለት ዓመት ስታተስ እንጂ ቪዛ አይደለም። ወደ አገር ቤት የሄደ ሰው ለመመለስ ኤምባሲ ገብቶ የኢ-2 ቪዛ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ ቆንስላውም በኢሚግሬሽን ውሳኔ አይገደድም። ለለቅሶም ለሠርግም የሚመላለስ ሰው ከመጀመሪያው በኤምባሲ ቢጀምር ይሻለዋል። ከተከለከለና አይ-94ው ካለፈበት ሕገወጥ ቆይታ ከውሳኔው ማግስት ይቆጠራል፤ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ለሦስት ዓመት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ለአሥር ዓመት መግባት ይከለከላል።

ኢ-2 በራሱ ግሪን ካርድ አያስገኝም። ያንን የሚሰጠው ኢቢ-5 ነው፦ 1,050,000 ዶላር፣ በገጠር ወይም ሥራ አጥነት በበዛበት አካባቢ 800,000 ዶላር፣ ከአሥር የሙሉ ጊዜ ሥራዎች ጋር። መጀመሪያ የሚሰጠው ካርድ ለሁለት ዓመት ብቻ ያገለግላል፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት አይ-829 የሚባል ቅጽ ገብቶ ገንዘቡ ሥራ ላይ መዋሉና የሥራ ዕድሎቹ መፈጠራቸው ይረጋገጣል።