ዛፍ ሥር የተገኘ የወፍ ጫጩት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ሲገባ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ በየጓሮው፣ ዋንዛ ወይም ጌሾ ሥር፣ ጅራተ አጭር ጫጩት ሲንፈራገጥ ይገኛል። ልጆች አንሥተው ቤት ያስገቡታል፤ ወተት ይቀርብለታል፤ በማግስቱ ሞቶ ይገኛል።

«ከጎጆው ወድቋል፤ እናቱም ጥላዋለች።» አብዛኛውን ጊዜ አልወደቀም፣ ራሱ ወጥቶ ነው። ሆዱና ምንቃሩ ብርቱካንማ የሆነው፣ ቅጠል እየገለበጠ ትል የሚለቅመው የጓሮ ወፍ ጫጩቶች ከተፈለፈሉ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በቅጡ መብረር ሳይችሉ፣ ጎጆውን ይለቃሉ። እባብ ወይም ጭልፊት አንድ ጎጆ ካገኘ ሁሉንም ይጨርሳል፤ ተበታትነው ቁጥቋጦ ሥር ከተሸሸጉ ግን አንዱ ቢበላ ሌላው ይተርፋል። ወላጆቹ ድምፃቸውን እየተከተሉ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያበሏቸዋል። ሰው በጫጩቶቹ አጠገብ ቆሞ ካዩ ግን ምግብ በአፋቸው ይዘው ቅርንጫፍ ላይ ይቆያሉ፤ «ጣለችው» የሚባለውም በዚህ የተነሣ ነው። 15 ሜትር ያህል ርቀው 1 ሰዓት ይጠብቁ።

ላባ ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ በእግሩ የሚዘል ከሆነ አይንኩት። መንገድ ላይ ወይም ድመት አጠገብ ከሆነ ብቻ ወደ ቅርቡ ቁጥቋጦ ያዛውሩት። ራቁቱን ከሆነ ወይም ላባው ገና እንደ እሾህ ብቅ ያለ ከሆነ ግን ወደ ጎጆው ይመለስ።

«ሰው የነካውን እናቱ አትቀበለውም።» ልጆችን ከጎጆ ለማራቅ የሚመች አባባል ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ወፍ ልጇን በሰው ጠረን ምክንያት አትተውም። ቁም ነገሩ ሙቀት ላይ ነው፦ የቀዘቀዘ ጫጩት አፉን ስለማይከፍት ወላጆቹ አያበሉትም። ወደ ጎጆው ከመመለስዎ በፊት በመዳፍዎ ውስጥ ወይም በጨርቅ በተጠቀለለ ሙቅ ውሃ የያዘ ሃይላንድ አጠገብ ያሙቁት።

ጎጆው ፈርሶ ከሆነ ትንሽ ቅርጫት በደረቅ ሣር ይሙሉና እዚያው ዛፍ ላይ፣ ከቀድሞው ቦታ ከ1 ወይም 2 ሜትር ሳይርቁ፣ ጥላ ባለው ቅርንጫፍ ላይ በገመድ ይሰሩት። ጣሳና ፕላስቲክ ዝናብ ስለሚቋጥሩ ጫጩቱ ሰጥሞ ይሞታል። ቢጫዎቹ ሸማኔ ወፎች የሠሩት ተንጠልጣይ ጎጆ ከተበጠሰ ግን ጎጆውን ራሱን፣ በሩ ወደ ታች እንደሆነ፣ በሽቦ መልሰው ይስቀሉት።

«ውሃ ጠብ አድርጉለት፤ ወተትና እንጀራ ስጡት።» ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የአየር ቧንቧው የሚከፈተው ከምላሱ በስተኋላ ስለሆነ ጠብ የተደረገው ውሃ ወደ ሳንባው ይገባል። ጫጩት ውሃ የሚያገኘው ከሚበላው ትል ነው። የወተትን ስኳር አይፈጭም፤ ተቅማጥ ያስይዘዋል። እንጀራ ሆዱን ቢሞላም ለሚያድግ ሰውነት የሚበቃ ፕሮቲን የለውም። እህል በል የሆኑት ሸማኔ ወፎች እንኳ ጫጩታቸውን ነፍሳት ያበላሉ። ቤት ውስጥ ላሳድገው የሚል ሰው ከንጋት እስከ ምሽት በየ20 እስከ 30 ደቂቃው ማብላት አለበት፤ ወላጆቹ ይህን በነፃ ይሠራሉ።

«ደረቱ ነጠብጣብ ነውና ታሟል።» አይደለም፤ የብዙ ጓሮ ወፎች ልጅነት ላባ ነው።

«ድመት ይዛው ነበር፣ ግን አልደማም።» የድመት ጥርስ ቀዳዳ በላባ ሥር አይታይም። በምራቋ የሚገባው ባክቴሪያ በ1 ወይም 2 ቀን ይገድላል። በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ መውሰድ ነው።

«ወፍ ሁሉ የእህል ጠላት ነው።» ግሪሳ ማሽላ ያጠፋል፣ አይካድም። ጓሮ ውስጥ ያለው ትል ለቃሚ ግን ጎመንዎን ከአባጨጓሬ ያጸዳል። ማላታይን የተባለው የተባይ መድኃኒት ከተረጨ ወላጆቹ ለጫጩቶቹ የሚያቀርቡት ያንኑ የተመረዘ ትል ነው፤ ስለዚህ ጎጆ አጠገብ አባጨጓሬውን በእጅ መልቀም ይሻላል። ጌሾና አጥር ከመመልመልዎ በፊትም ቅርንጫፉን ፈትሹ፦ እንቁላል ካለ 4 ሳምንት፣ ጫጩት ካለ 2 ሳምንት ገደማ መታገስ ይበቃል።