ዲጂታል ካርታ በጂኦግራፊ ክፍል፦ ደሴና ኮምቦልቻን እንደ መማሪያ ሜዳ

ደሴና ኮምቦልቻ በአስፋልት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በ2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች፣ በ1850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ደጋና ወይና ደጋ፣ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ፣ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚወርድ የቦርከና ወንዝ፣ የመሬት መንሸራተት ያለበት ተዳፋትና የኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛሉ። የጂኦግራፊ መማሪያ መጽሐፍ በየምዕራፉ የሚያነሳቸው ነገሮች በአብዛኛው እዚሁ ስላሉ፣ ዲጂታል ካርታ በእነዚህ ሁለት ከተሞች ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሩቅ አገር ሥዕል ማሳያ ሆኖ መቅረት የለበትም። ተማሪው በእግሩ የሚያውቀውን መሬት በስክሪን ላይ አይቶ፣ ስክሪኑ የነገረውን ተመልሶ በእግሩ ማረጋገጥ ይችላል።

በትምህርት ቤት የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እንደ ጎግል ኧርዝ ያለ የሳተላይት ምስል ማሳያ ነው። ሁለተኛው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ ካርታ ሲሆን፣ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለቱም መረጃቸውን የሚወስዱት ፈቃደኞች ከሚሠሩትና በ2004 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ሦስተኛው ካርታ መሥሪያና መተንተኛ ሶፍትዌር፣ ማለትም ጂአይኤስ ነው፤ ለትምህርት ቤት የሚመቸው በነጻ የሚገኘው ኪውጂአይኤስ ነው። ሦስቱን ባንድ ጊዜ መጀመር አያስፈልግም። አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ያለው መምህር በመጀመሪያው ብቻ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ማስተማር ይችላል።

ከክፍል በፊት የሚያልቅ ሥራ

አብዛኛው ውድቀት የሚመጣው ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት አለ ብሎ ከመተማመን ነው። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ምስል እስኪጭን ሲጠበቅ ያልቃል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የሚወርደው ሁሉ ቀድሞ መውረድ አለበት። የኪውጂአይኤስ መጫኛ አንድ ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማዞር ይሻላል፤ የትምህርት ቤት ፍላሽ ቫይረስ ስለማያጣው ግን ከመቅዳት በፊት መፈተሽ አለበት። ጎግል ኧርዝ በኮምፒውተር ላይ ያየውን ምስል እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ያስቀምጣል። መምህሩ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሆኖ ከፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ በቅርብ ርቀት አንድ ጊዜ ቢያስስ፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያንኑ ያለ ኢንተርኔት ያሳያል። ያላየው ቦታ ግን ብዥ ብሎ ይቀራል።

ለኪውጂአይኤስ የሚያስፈልገው የመሬት ከፍታ መረጃ ኤስአርቲኤም ይባላል። ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር በየካቲት 1992 ዓ.ም. በ11 ቀን በረራ በራዳር የለካችው ነው፤ አፍሪካን በ30 ሜትር ጥራት የሚያሳየው ቅጂ ለሕዝብ የተለቀቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ደሴንም ኮምቦልቻንም የያዘው አንድ ፋይል ሲሆን፣ ስያሜው 11 ዲግሪ ሰሜንና 39 ዲግሪ ምሥራቅን ያመለክታል። 3601 በ3601 ነጥቦች ያሉት ሆኖ መጠኑ 26 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። ለሁለቱም ከተሞች ትምህርት ቤቶች ይህች አንዲት ፋይል ለዓመታት ትበቃለች።

የሐረጎ ትምህርት

ለመጀመሪያ ትምህርት ከሐረጎ የተሻለ ቦታ የለም፤ ተማሪው ሁሉ በሚኒባስ ወርዶበታል ወይም ወጥቶበታል። ትምህርቱ የሚጀመረው ግን በወረቀት ነው። ተማሪዎቹ በ1:50,000 ካርታ ላይ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ቀጥታ መስመር አስምረው በማስመሪያ ይለካሉ፤ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያገኛሉ። አንድ ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ስለሆነ ርቀቱ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመኪናው መንገድ የዚህ እጥፍ የሆነው ለምን እንደሆነ ይጠየቁ። መልሱ ከተማሪዎቹ ከመጣ በኋላ ነው ላፕቶፑ የሚከፈተው።

በጎግል ኧርዝ የመንገድ መሳያውን መርጦ ከፒያሳ ጀምሮ አስፋልቱን በመከተል ነጥብ ማኖር ነው። በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ አንድ ነጥብ ቢኖር ከ40 እስከ 60 ነጥብ ይሆናል። ከተቀመጠ በኋላ በመስመሩ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ የከፍታ ፕሮፋይሉን፣ ማለትም የመንገዱን መውጣትና መውረድ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ማውጣት ይቻላል። ነጥቡ ካነሰ መስመሩ ጥምዙን ትቶ ኮረብታውን ያቋርጣል። ያኔ ርቀቱ ያጥራል፤ ፕሮፋይሉም መንገዱ ላይ የሌለ ጉብታ ያሳያል። ይህን ስህተት ሆን ብሎ አንድ ቡድን በ8 ነጥብ ብቻ እንዲስል በማድረግ ማሳየት በቃል ከማስረዳት ይበልጣል።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ በየ1 ኪሎ ሜትሩ ከፍታውን እያነበቡ በካሬ ወረቀት ላይ ይሥላሉ፦ በአግድም 1 ሴንቲ ሜትር ለ1 ኪሎ ሜትር፣ በቁም 1 ሴንቲ ሜትር ለ100 ሜትር። ሥዕሉ 25 በ6.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቁመቱም 10 ጊዜ የተጋነነ ነው። ይህን ካላወቁ መንገዱ ገደል መስሏቸው ይቀራል። እውነተኛው አማካይ ቁልቁለት 650 ለ25,000፣ ማለትም 2.6% ነው፤ በቀጥታው መስመር ቢኬድ ግን ከ5% በላይ ይሆን ነበር። መሐንዲሱ ለምን መንገዱን እንዳጣመመው ተማሪው በራሱ ቁጥር ያየዋል።

ከዚሁ ሥዕል የአየር ንብረት ትምህርት ይወጣል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ሙቀት በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል በሚለው ሕግ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይጠበቃል። አንድ የደሴና አንድ የኮምቦልቻ ትምህርት ቤት በአንድ ሰዓት፣ በጥላ ሥር፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብለው ለክተው በስልክ ቢለዋወጡ ሕጉን ይፈትሹታል። ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚወርድ በማለዳ የተለካ ልዩነት ከተጠበቀው ሊያንስ ይችላል። ተማሪው ሕጉ ተሳሳተ ብሎ እንዳይደመድም ይህ ይነገረው።

ኪውጂአይኤስ ላይ የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች

የከፍታ ፋይሉ እንደወረደ በዲግሪ ነው የሚመጣው፤ ከፍታው ግን በሜትር ነው። ይህን ሳያስተካክሉ ቁልቁለት ማስላት የተለመደ ስህተት ነው። ሶፍትዌሩ አንዱን ዲግሪ እንደ አንድ ሜትር ስለሚቆጥረው አካባቢው በሙሉ ወደ 90 ዲግሪ የተጠጋ ገደል ይሆናል። መፍትሔው አስቀድሞ ፋይሉን ቦታን በሜትር ወደሚለካው የካርታ ግሪድ፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን መቀየር ነው፤ በሶፍትዌሩ ውስጥ የሚመረጠው ኮዱ 32637 ነው። ከዚያ በኋላ የተራራ ጥላ፣ ቁልቁለትና ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር) በተራ ይወጣሉ። ኮንቱሩን በየ20 ሜትር ማውጣት ያምራል፤ ግን የኤስአርቲኤም የከፍታ ስህተት እስከ 16 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ስለተገለጸ፣ በተለይ በኮምቦልቻ ሜዳማ ክፍል በየ50 ሜትር ማድረጉ የተሻለ ነው።

በወረቀት የታተመውን አሮጌ የ1:50,000 ካርታ ስካን አድርጎ ከሳተላይት ምስል ጋር ማስተያየት ግሩም ልምምድ ነው። ሁለቱ ግን ወዲያው አይገጣጠሙም። ብዙዎቹ አሮጌ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ስልክና ሳተላይት ደግሞ ዓለም አቀፉን ይጠቀማሉ። የካርታውን የግሪድ ቁጥር እንዳለ በስልኩ መነሻ የሚያነብ ሰው 200 ሜትር ገደማ ይስታል። ስካኑ ሲመዘገብ ኮዱ 20137 ከተባለ ሶፍትዌሩ ራሱ ያስተካክለዋል።

የወንዝ መስመር ማውጣት ሌላው ፈተና ነው። ዶሮ መዝለያ በሚባለው ስፍራ እንዳለው ዓይነት ጠባብ የወንዝ ሸለቆ ላይ የ30 ሜትሩ ነጥብ ሁለቱን ገደሎችና ወንዙን በአንድነት ስለሚያማክል፣ ውሃው የተገደበ መስሎ ይታያል። ፍሰቱን ከማስላት በፊት ጉድጓድ መሙያውን መሣሪያ ማስኬድ ግድ ነው። ሲሳካ የሚገኘው ነገር ልፋቱን ይክሳል፦ የቦርከና ውሃ ወደ አዋሽ፣ ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ካለችው ኩታበር ወዲያ የሚወርደው ውሃ ግን በበሽሎ በኩል ወደ አባይ ሲሄድ ተማሪው በዓይኑ ያየዋል። አንዱ ውሃ አፋር በረሃ ላይ ይቀራል፤ ሌላው ሜዲትራኒያን ይደርሳል። የውሃ መለያው መስመር በየትኛው ጋራ ላይ እንደሚያልፍ፣ ከደሴ አጠገብ ያለው ገራዶም የየትኛው ወገን እንደሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈልጉት።

የከፍታ ካርታው በመማሪያ መጽሐፉ ወሰን (500፣ 1500፣ 2300 እና 3300 ሜትር) በቀለም ሲከፈል በደጋና በወይና ደጋ መካከል ያለው መስመር ሐረጎ ላይ ይወድቃል። በአንዲት ሚኒባስ ጉዞ የሚታለፍ መስመር ነው።

ስም፣ ቁጥርና ፊደል

የሚከተሉት ስህተቶች ትንንሽ ይመስላሉ፤ ግን ክፍለ ጊዜ የሚበሉት እነሱ ናቸው። ኮምቦልቻ ብሎ የፈለገ ተማሪ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ያለችውን ኮምቦልቻ ሊያገኝ ይችላል፤ ኬንትሮሱ 42 አካባቢ ከሆነ የተሳሳተችው ናት። ኬክሮስና ኬንትሮስ ከተገላበጡ ደሴ ከሰርዲኒያ በስተምሥራቅ ባሕር ውስጥ ትወድቃለች፤ በኪውጂአይኤስ ኤክስ ማለት ኬንትሮስ እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይቆይ። 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃን 11.08 ብሎ መጻፍም አለ። ትክክለኛው 11.133 ነው፤ ስህተቱ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

አማርኛ ፊደልም የራሱ ጣጣ አለው። በኤክሴል የተሞላ ሠንጠረዥ ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ሆኖ ሲቀመጥ ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የፊደል አጻጻፍ ካልተመረጠ የቀበሌው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ሼፕፋይል የሚባለው የካርታ መረጃ ማስቀመጫ ደግሞ ለዓምድ ስም 10 ባይት ብቻ ይፈቅዳል። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከሦስት ፊደል በላይ አይይዝም፤ «ከፍታ» ሲገባ «የውሃ ምንጭ» ይቆረጣል። በተጨማሪም ሼፕፋይል የበርካታ ፋይሎች ስብስብ ስለሆነ ተማሪዎች አንዱን ብቻ በፍላሽ ወስደው ቤት ሲደርሱ አይከፈትም። ጂኦፓኬጅ የሚባለው አንድ ፋይል ሁለቱንም ችግር ያስቀራል።

ዘመን አቆጣጠርም ያሳስታል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። በጎግል ኧርዝ የቀድሞ ምስሎች ውስጥ 2009ን የሚፈልግ ተማሪ እርሻ ብቻ ያያል፤ ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ስለሆነ መፈለግ ያለበት 2017 ነው። የፓርኩን ድንበር ከግንባታው በፊትና በኋላ በተነሱ ሁለት ምስሎች ላይ ማስመርና ስፋቱን ማስላት ስለ መሬት አጠቃቀም ለውጥ ብዙ ያስተምራል። የከፍታ ፋይሉ ግን የ1992 ዓ.ም. ስለሆነ ለፓርኩ የተደለደለውን መሬት አያውቀውም። ለምስል የሚመረጡት ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ናቸው፤ በክረምት ወሎን ደመና ይሸፍነዋል።

ከክፍል ውጭ

60 ተማሪ ባለበት ክፍል በ6 በ6 ተከፍሎ 10 ቡድን መሥራት ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ስልክ ይበቃል። ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ በሚከለከልበት ትምህርት ቤት የርእሰ መምህሩ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከግቢ ውጭ ለሚሠራው ደግሞ ለቀበሌው ማሳወቅ ይገባል። ቡድኖቹ በአየር ማረፊያ፣ በካምፕና በመሰል ተቋማት አካባቢ እንዳይለኩና ፎቶ እንዳያነሱ አስቀድሞ በጥብቅ ይነገራቸው። የሰው ቤትና ስም አይመዘገብም።

ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ነገር ግን ዳታ የጠፋበት ስልክ የመጀመሪያውን ቦታ ለማግኘት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ከመውጣት በፊት ሜዳ ላይ ለ5 ደቂቃ አስቀምጦ ማስነሳት ይበጃል። ከጦሳ ግርጌ ባሉ ሰፈሮችና በሕንፃ መካከል ሰማዩ ስለሚጋረድ ስህተቱ ይጨምራል፤ ስልኩ ያሳየው የስህተት መጠን ከ5 ሜትር በታች እስኪወርድ መጠበቅና በአንድ ነጥብ ላይ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ጥሩ ነው። ስልክ የሚሰጠው ከፍታ ከአግድም ቦታው ይበልጥ ስለሚሳሳት ለንጽጽር ካልሆነ አይታመንም። ለዕለቱ የሚበቃው ሥራ ትንሽ ነው፦ የውሃ ቧንቧ፣ ድልድይ፣ የተሸረሸረ ቦይ፣ ዛፍ፤ ከእያንዳንዱ ጋር ቁጥር፣ ዓይነት፣ ቀንና የለኪው ቡድን።

የመሬት መንሸራተት በደሴ የታወቀ አደጋ ስለሆነ መምህራን በቁልቁለት ካርታ ሊያስተምሩት ይፈልጋሉ፤ ይገባልም። ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነውን በቀይ ቀብቶ፣ የወንዝ መስመሩን ጨምሮ፣ ተማሪው ምክንያቶቹን እንዲያገናኝ ማድረግ ይቻላል። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ነጥብ 900 ካሬ ሜትር መሬት ስለሚሸፍን በውስጡ በርካታ ቤቶች አሉ። የአፈሩን ዓይነትና የከርሰ ምድር ውሃውንም ካርታው አያውቅም። በክፍል የተሠራ ካርታ የአንድን ተማሪ ሰፈር «አደገኛ» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የለበትም።

በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው የሐይቅ ሐይቅ ለመለካት ልምምድ ይመቻል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ቡድን በ6 ነጥብ፣ ሌላው በ30፣ ሦስተኛው በ100 ነጥብ ዳርቻውን ያስምር፤ ውጤቱ ወደ ታወቀው ቁጥር እንዴት እንደሚቀርብ ያያሉ። እግረ መንገዱን የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ድሮ ደሴት የነበረው መሬት አሁን ከየብስ ጋር እንደተያያዘ ይታያል።

ካርታው ሲታተም ከቁጥር ስኬል ይልቅ የመስመር ስኬል ይግባበት። ማተሚያው «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» ከተባለ ወይም ምስሉ በፕሮጀክተር ከታየ 1:50,000 የሚለው ጽሑፍ ሐሰት ይሆናል፤ የመስመር ስኬሉ ግን አብሮ ያድጋል፣ አብሮ ያንሳል። ለጽሑፉ ኒያላ ወይም ኢብሪማ የሚባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ካልተመረጠ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ሊወጣ ይችላል። ተማሪዎቹ የለኩት ሁሉ የትምህርት ዘመኑና የክፍሉ ስም ተጽፎበት በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ የተሸረሸረው ቦይ በስንት ሜትር እንደሰፋ የሚለኩት የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ናቸው።