ወጣቶች ቴአትር ገባ ማለት ተዋናይ ሆነ ማለት ነው?

ሄለን ሚረን፣ ዳንኤል ክሬግ፣ ማት ስሚዝ። ሦስቱም ዝነኛ የብሪታንያ ተዋናዮች ናቸው፤ ሦስቱም በወጣትነታቸው ወጣቶችን በቴአትር ሙያ የሚያሠለጥነው የብሪታንያ ብሔራዊ ወጣቶች ቴአትር አባል ነበሩ። ይህን የሰማ ሁሉ ግን የራሱን ይጨምርበትና ተረት ያደርገዋል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

«እዚያ የገባ ሁሉ ተዋናይ ይሆናል»

ኧረ አይሆንም። የተሳካላቸውን ስም ብቻ ስለምንሰማ ነው እንዲህ የሚመስለን። ቴአትሩን በ1956 የጀመረው ማይክል ክሮፍት የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ዛሬ አባላቱ ከ14 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ትወና ሳይሆን መብራት፣ ድምፅ ወይም አልባሳት የሚማሩ አሉ። የእኛ ትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ትዝ አለኝ፤ መጋረጃ ጎታቹ ልጅ ከመሪ ተዋናዩ እኩል ላብ በላብ ይሆናል፣ ጭብጨባው ሲመጣ ግን እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ነው።

«አንዴ መድረክ ላይ ከታየህ አለቀ»

ለሄለን ሚረን እውነትም አልቋል ማለት ይቻላል። በ1965፣ ገና በ20 ዓመቷ፣ ከወጣቶች ቴአትር ጋር ኦልድ ቪክ በሚባለው የለንደን መድረክ ላይ ክሊዮፓትራን ተጫወተች፣ ሥራ የሚያፈላልግላት ወኪል (ኤጀንት) አገኘች፣ ብዙም ሳትቆይ ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ገባች። ዳንኤል ክሬግን ግን እዩት። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ለንደን መጣ፣ ወጣቶች ቴአትር ገባ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀጥሮ እየሠራ ኖረ፣ የድራማ ትምህርት ቤቶች በተደጋጋሚ መልሰውት በመጨረሻ ጊልድሆል ተቀብሎት በ1991 ተመረቀ። ጄምስ ቦንድ ሆኖ ሲኒማ የገባው በ2006 ነው። ወጣቶች ቴአትር ከገባ 22 ዓመት!

«ድራማ ትምህርት ቤት ካልገቡ አይሆንም»

እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ቪኪ መክሉር በኖቲንግሃም ከተማ ቴሌቪዥን ወርክሾፕ በሚባለው የወጣቶች ቡድን ነው ያደገችው። የታወቀ የድራማ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነበር፣ ቤተሰቧ ክፍያውን ስላልቻለው ቀረ። በ1999 የመጀመሪያ ፊልሟ ከወጣ በኋላም ቢሆን ለዓመታት መደበኛ ሥራ እየሠራች ነበር ኦዲሽን (የተዋናይ መምረጫ ፈተና) የምትሮጠው። ባፍታ የሚባለውን የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ያገኘችው በ2011 ነው።

«የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው፣ አልክድም። ያለ ደሞዝ እየተለማመዱ የለንደንን የቤት ኪራይ መክፈል ቤተሰብ የሚደጉመው ሲሆን ይቀላል። ግን ተዋናዩ ዳንኤል ካሉያ ከኡጋንዳውያን ወላጆች ተወልዶ ካምደን በሚባለው የለንደን ሰፈር በመንግሥት ቤት ነው ያደገው። ትወናን የጀመረው እዚያው ለንደን፣ ኢዝሊንግተን ሰፈር በነበረው የአና ሸር የልጆች ቴአትር ነው፤ እዚያ ልጆቹ ጽሑፍ ሳይሸመድዱ እዚያው እየፈጠሩ ነበር የሚጫወቱት። በ2021 ኦስካር ወሰደ።

«ከሕፃንነቱ ያልጓጓለት ልጅ ምንም አይሆን»

ማት ስሚዝ የጓጓው ለኳስ ነበር። በኖርዝሃምፕተን፣ በኖቲንግሃም ፎረስትና በሌስተር ሲቲ ወጣት ቡድኖች ተጫውቷል። ጀርባውን ተጎዳና ኳሱ ቀረ። የድራማ መምህሩ ሳያማክረው ተውኔት ውስጥ ስሙን አስገባ። ልጁ ለገመ። መምህሩ ግን አልለቀቀውም፣ ወጣቶች ቴአትር እንዲገባም ያመቻቸለት እሱ ነው። በ2010 ያ ለጋሚ ልጅ «ዶክተር ሁ» በተባለው የብሪታንያ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ዋናውን ገፀ ባህሪ ይዞ ብቅ አለ።