የቤርሙዳ መርሆች ምንድን ናቸው?

አንድ ሳይንቲስት ለወራት ደክሞ ያገኘውን ዳታ ገና በስሙ ሳያሳትመው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ሁሉ ክፈተው ቢባል ምን ይላል? ለተፎካካሪዎቹም ጭምር። እምቢ ቢል ብዙ ሰው የሚፈርድበት አይመስለኝም። የቤርሙዳ መርሆች የሚጠይቁት ግን ይህንኑ ነው። የተጠየቁትም ሰዎች እሺ ብለው ፈጽመውታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ጊዜው ፌብሩዋሪ 1996 ነው። የሰውን ጂኖም ለማንበብ የተነሱ ወደ 50 የሚሆኑ ሰዎች አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው ቤርሙዳ ተሰበሰቡ። ጂኖም ማለት አንድ ፍጡር በሴሎቹ ውስጥ የሚሸከመው ሙሉ የዘር መመሪያ ነው። የሰው ጂኖም ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ይሆናል። የፊደሎቹ ዓይነት 4 ብቻ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው በቅደም ተከተላቸው ላይ ነው። ይህን ያህል ጽሑፍ አንድ ላብራቶሪ ብቻውን አይዘልቀውም። ስለዚህ ሥራው በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በሌሎች አገሮች ላሉ ማዕከሎች ተከፋፈለ።

እዚያ ስብሰባ ላይ እንግሊዛዊው ጆን ሰልስተን ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ጻፈ። አንደኛ፣ ከ1,000 ፊደል በላይ ርዝመት ያለው ቁራጭ ሁሉ ወዲያው ይለቀቅ፤ ቢቻል በየቀኑ። ሁለተኛ፣ ተጣርቶ ያለቀው ሳይውል ሳያድር ወደ ሕዝብ ዳታቤዝ ይግባ። ሦስተኛ፣ ዳታው ሁሉ ለምርምርም ለልማትም በነፃ ክፍት ይሁን፤ ኅብረተሰቡ የሚጠቀመው እንዲህ ሲሆን ነው። የ24 ሰዓቱ ገደብ ከዚህ የመጣ ነው። በፊት ግን በአሜሪካ የነበረው ደንብ እስከ 6 ወር መያዝ ይፈቅድ ነበር።

ሐሳቡ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። ከትል ነው የመጣው! ሰልስተንና አሜሪካዊው ሮበርት ዋተርስተን፣ ሲ ኤሌጋንስ የምትባል አንድ ሚሊሜትር የምታህል ትል ለዓመታት አጥንተዋል። አንዱ ካምብሪጅ፣ አንዱ ሴንት ሉዊስ። መካከላቸው ውቅያኖስ አለ፤ ያገኙትን ግን ሳያሳትሙ ይቀያየሩ ነበር። የትል ተመራማሪዎች ከ1975 ጀምሮ የራሳቸው መጽሔትም ነበራቸው። ያልተጨረሰ ሥራቸውን፣ እየሠሩበት ያለውን ዘዴ፣ ገና ያልበሰለ ሐሳባቸውን ሳይቀር እዚያ ይጽፉበታል። ማንም ያንን አንብቦ የሌላውን ሥራ አይሻማም። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በትንሽ ማኅበር መተማመን አይከብድም። ቢሊዮኖች በፈሰሱበት፣ ሰዎቹ ተገናኝተው በማያውቁበት ሥራ ላይስ? እዚያ ላይ ደግነት ብቻውን አይበቃም። ዕቁብን አስቡት። ዕቁብ የሚጸናው አባላቱ ሁሉ ደግ ስለሆኑ አይደለም። ሁሉም በቀኑ ስለሚጥል ነው። አንዱ “ቆይ ትንሽ ልያዘው” ካለ ሌላውም ይይዛል። ቤርሙዳ ላይም የሆነው ይኸው ነው። ደንቡ አጭር ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው፣ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለው በቀን ውስጥ ይታያል። ገንዘብ ሰጪዎቹ፣ በተለይ የእንግሊዙ ዌልከም ትረስትና የአሜሪካው የጤና ምርምር ተቋም፣ ደንቡን የድጋፋቸው ቅድመ ሁኔታ አደረጉት።

ተቃውሞ አልነበረም ማለት አይደለም። ያልተጣራ ዳታ ስህተት ይበዛዋል፣ ሰው ያሳስታል ያሉ ነበሩ። ዳታውን ያወጣው ደክሞ ሌላው ቀድሞ ያሳትምበታል የሚለው ስጋትም እውነተኛ ነው። በ2003 አሜሪካ ውስጥ ፎርት ሎደርዴል ላይ ሌላ ስብሰባ ተደርጎ ነገሩ ትንሽ ተስተካከለ፤ ዳታው ወዲያው ይከፈታል፣ ተጠቃሚው ደግሞ ያዘጋጀውን ሰው ያከብራል፣ ሥራውን ይጠቅሳል፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ጽሑፍ እንዲያወጣ ዕድል ይሰጠዋል።

አሁን የቤርሙዳ ደንብ ምን እንደሠራ በደንብ ወደሚያሳየው ታሪክ ልምጣ። በ1998 ሴሌራ የሚባል ኩባንያ የሰውን ጂኖም እኔ ቀድሜ እጨርሳለሁ ብሎ ተነሳ። ውድድሩ ጦፈ። በ2000 የቤርሙዳዎቹ የሕዝብ ፕሮጀክት ብዙ ፊደል አንብቦ ነበር፤ ችግሩ ግን የተነበበው ወደ 400,000 በሚሆን ብጥስጣሽ ተከፋፍሎ መቀመጡ ነው። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ይህ ደግሞ የኮምፒውተር ሥራ ነው።

በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ጂም ኬንት የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። ቀድሞ የአኒሜሽን ፕሮግራም ይጽፍ የነበረ ሰው ነው። በአንድ ወር ገደማ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቁርጥራጮቹን የሚገጣጥም ፕሮግራም ጻፈ። ከመጻፉ ብዛት የእጁ አንጓ እያበጠበት ማታ ማታ በረዶ ይይዝበት ነበር ይባላል። ፕሮግራሙ 100 ተራ ኮምፒውተሮች ላይ ሠርቶ ጁን 22 ቀን ጨረሰ። ከ4 ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የጂኖሙን ረቂቅ ለዓለም አበሰሩ። ጁላይ 7 ደግሞ ኬንትና የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዴቪድ ሃውስለር የተገጣጠመውን ጂኖም ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። ቤርሙዳ ላይ ደንቡ ባይጻፍ ኖሮ ኬንት የሚገጣጥመው ነገር በእጁ አይኖርም ነበር። ማንም የሱን ስም ጠርቶ “እንካ” አላለውም። ዳታው ክፍት ነበር፤ የሚችል ሰው መጣ።

ልማዱ ከዚያ ወዲህ ሰፍቷል። ጃንዋሪ 11 ቀን 2020 የአዲሱ ኮሮና ቫይረስ ጂኖም፣ ወደ 30,000 ፊደል፣ በይፋ ተለቀቀ። የአሜሪካው ክትባት ሠሪ ሞደርናና አጋሮቹ የክትባታቸውን የፊደል ቅደም ተከተል የወሰኑት ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ለኛ ቅርብ የሆነውን ላንሳ። በ2014 የጤፍ ጂኖም ታተመ። የተነበበው ደብረ ዘይት የተገኘው ፀደይ የተባለው ዝርያ ነው። ሥራው የተመራው ስዊዘርላንድ፣ በርን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚያ የጤፍ ምርምሩን ይመራ የነበረው ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዘሪሁን ታደለ ነው። ዳታው ክፍት ስለሆነ አዲስ አበባ ያለ ተማሪም ያወርደዋል። እንዲህ ያለ ዳታ ለማውረድ ግን ጥሩ ኢንተርኔት፣ ለመተንተን ጠንካራ ኮምፒውተርና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። በሩ ለሁሉም እኩል ቢከፈትም ቀድሞ የሚገባው ፈጣን እግር ያለው ነው።

በ2012 ሥራ የጀመረው ኤች ስሪ አፍሪካ፣ የአፍሪካውያንን ጂኖምና ጤና ያጠና የነበረው የምርምር ፕሮግራም፣ ይህንን አይቶ ደንቡን ለወጥ አደረገው። ዳታው ለሌሎች ይከፈት ነበር፤ ግን ናሙናውን የሰበሰቡት አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቀድመው የሚሠሩበት የተወሰነ ጊዜ ይሰጣቸው ነበር። አንዳንዱ ይህን ከቤርሙዳ ወደኋላ እንደ መመለስ ያየዋል። እኔ አልስማማም። የቤርሙዳ ሰዎች ኮምፒውተሩም ባለሙያውም ሞልቷቸው ነበርና 24 ሰዓት በቂያቸው ነበር። እዚህ ጥቂት ወራት መጠበቅ መደበቅ አይደለም፤ መክፈቻው ቀን ከተጻፈና በቀኑ ከተከፈተ።